በሕግ አምላክ! ከዋሽንግተን እስከ ሰልማ

ቅዳሜ፣ ዋሽንግተን

የአሜሪካን ዜግነት ለመውሰድ የሚፈተን ሰው ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው ያጠናል፤ በእኔ ጊዜ መቶ ነበሩ። እኔ ያጠናኋቸው ከዓመታት በፊት፣ የሌሊት ሥራዬን ጨርሼ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። አንዱ ጥያቄ በሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያ ማሻሻያ ከተጠበቁት መብቶች አንዱን ጥቀስ ይላል። ሃይማኖት፣ ንግግር፣ ፕሬስ፣ መሰብሰብ፣ ለመንግሥት አቤት ማለት። አምስቱንም እንደ ዳዊት በቃሌ ያዝኳቸው። ፈታኟ አንዱን ብቻ ስትጠይቀኝ አምስቱንም ዘረዘርኩላት። ቃለ መሐላ ፈጽሜ፣ ትንሿን ሰንደቅ ዓላማ ይዤ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ነገር ሲከነክነኝ ኖሯል፤ እኔ በአንድ ትንፋሽ የምደረድራቸው እነዚህ ነገሮች እውነት እንዲሆኑ ማን ምን ከፈለ?

ልጄ ዘንድሮ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሞላት። የተወለደችው እዚሁ ነው፤ ዜግነቷን ያገኘችው ያለ ፈተናና ያለ መሐላ፣ በ14ኛው ማሻሻያ የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር ነው። ትምህርት ሲዘጋ በመኪና አብረን ወደ ደቡብ እንድንወርድ ጠየቅኳት። ትንሽ አሰበችና እሺ አለች። እናቷ ዳቦ ቆሎ ቋጠረችልን።

ጉዞውን ከብሔራዊ ቤተ መዛግብት ጀመርን። ክብ አዳራሹ ደብዘዝ ያለ ነው፤ ፎቶ ማንሳት አይፈቀድም፤ ሰዉም ቤተ መቅደስ እንደገባ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገራል። አያቴ ቁም ጸሐፊ ስለነበሩ ብራና ሲያረጅ ምን እንደሚመስል ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። መስታወቱ ሥር ያለውን ባየሁ ጊዜ ቀድሞ የታወሰኝ የእሳቸው ቤት ሽታ ነው። በ1787 (ቀኖቹና ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 39 ሰዎች የፈረሙበት ሕገ መንግሥት አራት ቅጠል ብራና ብቻ ነው። በውስጡ «ባሪያ» የሚለው ቃል የለም። ባሮቹ ግን አሉ፤ «ሌሎች ሰዎች» ተብለው፣ ለውክልና ቆጠራ እያንዳንዳቸው ሦስት አምስተኛ ተደርገው። ያፈሩበትን ነገር በስሙ ሳይጠሩት ሕግ አደረጉት።

ጎን ለጎን የተቀመጠው የመብቶች ድንጋጌ ነው። ልጄ ቆጥራ ዐሥራ ሁለት አንቀጽ አለው አለችኝ። እኔ የማውቀው ዐሥር ነው። አስተናጋጁን ስንጠይቀው ለክፍላተ ሀገሩ የቀረቡት ዐሥራ ሁለት እንደነበሩ፣ በ1791 የጸደቁት ግን ዐሥሩ ብቻ እንደሆኑ ነገረን። እኔ «የመጀመሪያው» እያልኩ ያጠናሁት ማሻሻያ በብራናው ላይ ሦስተኛው ነው።

አያቴ ሙያቸውን ሲያወድሱ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይሉ ነበር። ከአዳራሹ ስወጣ ይህን ተረት ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠራጠርኩት። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ሦስት ማሻሻያዎች ተጻፉ። በ1865 ባርነት ተሻረ፤ በ1868 ማንኛውም ክፍለ ሀገር ለማንም ሰው የሕግን እኩል ጥበቃ አይነፍግም ተባለ፤ በ1870 በዘር ምክንያት ድምፅ መስጠት እንዳይከለከል ተደነገገ። ተጻፈ፣ ተፈረመ፣ ጸደቀ። ከዚያም ለዘጠና ዓመታት ያህል በደቡብ ክፍላተ ሀገር የሌለ ያህል ሆነ። ተጽፎም ይረሳል ማለት ነው።

ሰኞ፣ ፋርምቪል፣ ቨርጂኒያ

እሑድን ቤተ ክርስቲያን ስመን፣ ዕቃ ስንሸክፍ ዋልን። ዛሬ ማለዳ ተነስተን ሦስት ሰዓት ያህል ነዳን። ፋርምቪል ጸጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ሰዎች ወደ አትላንታ ሲጣደፉ ያልፏታል፤ እኔ ግን ከዚህ ጉዞ አንድ ቦታ ብቻ ምረጥ ብባል ይህችን እመርጣለሁ።

የሞተን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1939 ሲሠራ ለ180 ተማሪዎች የታሰበ ነበር። በ1951 ከ450 በላይ ጥቁር ተማሪዎች ይማሩበታል። ትርፉ ተማሪ የተቀመጠው በሬንጅ ወረቀት በተሸፈኑ የእንጨት ዳሶች ውስጥ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ያፈስሳሉ፤ ክረምት ሲሆን ምድጃው አጠገብ ያለው ልጅ ሲቃጠል ራቅ ያለው ይንቀጠቀጣል። የነጮቹ ትምህርት ቤት እንዲህ አልነበረም።

ባርባራ ጆንስ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ከጥቂት ጓደኞቿ ጋር ለወራት በምስጢር መከረች። ሚያዝያ 23 ቀን 1951 ርዕሰ መምህሩን በሐሰት የስልክ ጥሪ ከግቢ አስወጡና ተማሪውን ሁሉ አዳራሽ ሰበሰቡ። መጋረጃው ሲከፈት መድረኩ ላይ የቆመችው ባርባራ ናት። መምህራኑ እንዲወጡ ጠየቀች፤ ተማሪውም ተከትሏት ትምህርት አቆመ። ያ አዳራሽ ዛሬ ሙዚየም ነው። ልጄ ከወንበሮቹ መካከል ሄዳ ተቀመጠችና መድረኩን ብዙ አየችው። አላናገርኳትም።

ልጆቹ በመጀመሪያ የፈለጉት የተሻለ ሕንፃ ነው። የጥቁሮች መብት ተሟጋቹ ማኅበር ጠበቆች ኦሊቨር ሂልና ስፖትስዉድ ሮቢንሰን ግን፣ የምንሟገትላችሁ የተሻለ የጥቁር ትምህርት ቤት እንዲሠራላችሁ ሳይሆን መለያየቱ ራሱ እንዲቀር ከሆነ ብቻ ነው አሏቸው። ወላጆች ይህን ሰምተው ፈረሙ። በዚያ አገር፣ በዚያ ዘመን፣ መሬቱም ሥራውም ብድሩም በነጮች እጅ እያለ ፈረሙ። ጉዳዩ ከሌሎች አራት ክሶች ጋር ተጣምሮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ግንቦት 17 ቀን 1954 ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ፣ በዘር የተለያየ የመንግሥት ትምህርት ቤት የ14ኛውን ማሻሻያ እኩል ጥበቃ ይጥሳል ብለው ፈረዱ። ከአምስቱ ክሶች ተማሪዎች በራሳቸው አድማ የጀመሩት ይህንን ብቻ ነው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ ነበር። የወረዳው አስተዳደር ጥቁርና ነጭ አብረው ከሚማሩ ብሎ በ1959 የመንግሥት ትምህርት ቤቶቹን በሙሉ ዘጋ። ለነጮቹ ልጆች የግል ትምህርት ቤት ተከፈተ። ለጥቁሮቹ ምንም። አምስት ዓመት! አንዳንዱ ልጅ ወደ ዘመድ ተላከ፤ አንዳንዱ በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ተማረ፤ ብዙው ከዚያ በኋላ ደብተር አልያዘም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንዲከፈት ያዘዘው በ1964 ነው። ሰባት ዓመት ላይ የተዘጋበት ልጅ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እኔ ራሴ ልጅ አሳድጌያለሁና አምስት ዓመት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ፍርድ የዘገየበት ልጅ ዕድሜውን ከማን ይጠይቃል?

ባርባራ ከአድማው በኋላ ለደኅንነቷ ሲባል ወደ አጎቷ ወደ ፓስተር ቨርነን ጆንስ ዘንድ ተላከች። አጎቷ የሚያገለግሉት ሞንትጎመሪ፣ አላባማ ነው፤ እኛም ወደዚያው ነን። እሷ በኋላ በቤተ መጻሕፍት ባለሙያነት ስትሠራ ኖራ በ1991 አረፈች። በ2020 የጄኔራል ሮበርት ሊ ሐውልት ከዋሽንግተኑ ምክር ቤት ሲነሳ ቨርጂኒያ በቦታው እንዲቆም የመረጠችው የእሷን ነው።

ማክሰኞ፣ ግሪንስቦሮ

የካቲት 1 ቀን 1960 አራት የኮሌጅ ተማሪዎች እዚህ ካለው የዉልዎርዝ መደብር ገቡ። በመጀመሪያ የጥርስ ሳሙናና መሰል ዕቃ ገዝተው ደረሰኝ ተቀበሉ። ከዚያ ምግብ ከሚሸጥበት ባንኮኒ ላይ ተቀምጠው ቡና አዘዙ። ገንዘባቸው በአንዱ ባንኮኒ ሲቀበሉት በሌላው ለምን እንደማይቀበሉት ለመጠየቅ ደረሰኙ በእጃቸው ነበር። ቡናው አልመጣም። እስኪዘጋ ተቀምጠው ሄዱ፤ በማግሥቱ በዝተው መጡ። በሐምሌ ባንኮኒው ለሁሉም ተከፈተ። ወንበሮቹ ዛሬም በዚያው ቦታ ናቸው፤ ሙዚየም ሆኗል።

እዚህ ነው ልጄ ከትምህርት ቤት ይዛው የመጣችውን ነገር ያስረዳችኝ። «አባዬ፣ 14ኛው ማሻሻያ የሚያዘው መንግሥትን ነው፤ ባለ ሱቅን አይደለም» አለች። እውነቷን ነው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1883 ይህንኑ ብሎ አንድ የመብት ሕግ አፍርሷል። ለእኔ ነገሩ የገባኝ እንዲህ ነው፦ ነጻነት የሚባለው መንግሥት እጁን እንዲሰበስብልህ ነው፤ አትናገር፣ አትጸልይ፣ አትሰብሰብ እንዳይልህ። የሲቪል መብት የሚባለው ደግሞ መንግሥት እጁን እንዲዘረጋልህ ነው፤ ሌላው ከበር ሲመልስህ። ለሁለተኛው አዲስ ሕግ ያስፈልግ ነበር፤ እሱም በ1964 መጣ።

እራት ላይ «በዚያን ጊዜ እኛ ብንኖር በየትኛው በር ነበር የምንገባው?» አለችኝ። አንዳንድ ወገኖቻችን እኛ ሌላ ነን ሲሉ ሰምታ ይሆናል። በኋላኛው በር ነው ልጄ፣ አልኳት። የትውልድ አገራችንን የሚጠይቀን አልነበረም።

ረቡዕ፣ በመንገድ ላይ፣ ከዚያም አትላንታ

ከግሪንስቦሮ አትላንታ አምስት ሰዓት ያህል ነው። መሃል ላይ አንድ ፖሊስ አስቆመን። የኋላ መብራታችሁ አንዱ አይሠራም አለ፤ ልክ ነበር። ወረቀቶቼን አይቶ መለሰልኝና የመኪናችሁን ኋላ ልመልከት፣ ትፈቅዳለህ? አለኝ። የምደብቀው ዳቦ ቆሎ እንኳን የለኝም። ሆኖም ልቤ መምታት ጀመረ። በ1969 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ ልጅ ሳለሁ፣ አዲስ አበባ ላይ የቤት ለቤት አሰሳ ነበር። የታጠቁ ሰዎች ሌሊት ገብተው ፍራሽ ሲገለብጡ፣ አባቴ ግድግዳ ተደግፎ ሲቆም አይቻለሁ። ማንም ትፈቅዳለህ ወይ አላለውም። መጽሐፎቹን አስቀድሞ ጓሮ ቀብሯቸው ስለነበር ተረፈ።

አራተኛው ማሻሻያ መንግሥት ያለ በቂ ምክንያት ሰውንም ቤቱንም ወረቀቱንም እንዳይፈትሽ ይከለክላል። ፈቃድ ከጠየቀህ ደግሞ እምቢ ማለት ትችላለህ። እጆቼን መሪው ላይ አድርጌ፣ በትሕትና፣ «ይቅርታ፣ ፍተሻውን አልፈቅድም» አልኩ። ፖሊሱ ጥቂት ዝም አለ። መብራቱን አስጠግን ብሎ ሄደ። ሌላ ቀን፣ ከሌላ ፖሊስ ጋር፣ እንዲህ በቀላሉ እንደማያልፍ አውቃለሁ፤ በዚህ አገር ጥቁር ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል። ልጄ ግን አባቷ እምቢ ሲልና ምንም ሳይሆን ሲቀር አየች። እኔ በእሷ ዕድሜ ያላየሁት ይህን ነው።

አምፖሉን ቀይረን አትላንታ መሸብን። የጥቁሮች መብት ታጋዩን የማርቲን ሉተር ኪንግን መቃብር፣ በውሃ መካከል ያለውን ነጭ እብነ በረድ፣ በምሽት ብርሃን አየነው። እዚሁ ከተማ አንድ ባለ 216 ክፍል ሞቴል ነበር። ባለቤቱ አዲሱ የ1964 ሕግ ጥቁር እንግዳ እንዳስተናግድ ሊያስገድደኝ አይችልም ብሎ ከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዚያው ዓመት በአንድ ድምፅ ረታው፤ ምክንያቱ እኩልነት ሳይሆን በክፍላተ ሀገር መካከል የሚደረግን ንግድ የመቆጣጠር የምክር ቤቱ ሥልጣን ነው። ደስ የሚል ምክንያት አይደለም፤ አልጋ ግን አስገኝቷል። ያደርነው በአብሮ አደጌ ቤት ነው፤ ሽሮ ተሠርቶ ጠበቀን።

ሐሙስ፣ ሞንትጎመሪ

አላባማ ሲገቡ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል።

የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ደረጃ ላይ አንድ የነሐስ ኮከብ አለ። በ1861 ጄፈርሰን ዴቪስ ባርነትን ለማቆየት የተገነጠለው መንግሥት ፕሬዚዳንት ሆኖ የማለው እዚያ ላይ ቆሞ ነው። ከኮከቡ ቁልቁል ሲያዩ ቅርብ ለቅርብ የቀይ ጡብ ቤተ ክርስቲያን ይታያል፤ የዴክስተር ጎዳና ባፕቲስት። የባርባራ አጎት ያገለገሉት እዚያ ነው፤ እሳቸውን የተካው ደግሞ በ1954 የመጣው የሃያ አምስት ዓመቱ ማርቲን ሉተር ኪንግ ነው።

የአውቶቡሱን ታሪክ ሁሉም ሰው ከሮዛ ፓርክስ ጋር ያውቀዋል። ታኅሣሥ 1 ቀን 1955 ታሰረች፤ ሕዝቡ ለ381 ቀናት በእግሩ ሄደ። ፍርድ ቤት ያሸነፈው ክስ ግን የእሷ አልነበረም። ጠበቃው ፍሬድ ግሬይ በሌሎች ሴቶች ስም ክስ መሠረተ፦ ኦሬሊያ ብራውደር፣ ሱዚ ማክዶናልድ፣ ሜሪ ሉዊዝ ስሚዝ፣ ክላውዴት ኮልቪን። ኮልቪን ከፓርክስ ዘጠኝ ወር ቀድማ አልነሳም ብላ በፖሊስ ስትጎተት የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች። እንደገና አንዲት ተማሪ! ልጄ ስሟን ስልኳ ላይ ጻፈችው። ከዳኞቹ አንዱ ፍራንክ ጆንሰን የሚባል የአላባማ ነጭ ነው፤ ይህን ስም ልያዘው፣ ነገ ይመጣል።

ያልጠበቅኩት ነገር፣ በፈተናዬ ላይ «ፕሬስ» እና «መሰብሰብ» ብዬ የመለስኳቸው ሁለት ነጻነቶች ዛሬ ባላቸው ቁመና የቆሙት ከዚህች ከተማና ከዚህ ክፍለ ሀገር በተነሳ ጠብ መሆኑ ነው። በ1960 ለኪንግ መከላከያ ገንዘብ ለማሰባሰብ በኒው ዮርክ ታይምስ ላይ አንድ ማስታወቂያ ወጣ። ጥቃቅን ስሕተቶች ነበሩበት። ተማሪዎቹ የዘመሩት መዝሙር ሌላ ነው፤ ኪንግ ሰባት ጊዜ ታሰረ የተባለው አራት ጊዜ ነው። የሞንትጎመሪ ፖሊስ የበላይ ኃላፊ የነበረው ሱሊቫን ስሙ ባይጠቀስም ስሜ ጠፋ ብሎ ጋዜጣውንና አራት ጥቁር የአላባማ ፓስተሮችን ከሰሰ። የአላባማ ዳኝነት ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ፈረደለት። ይህ ቢጸና ኖሮ ከደቡብ የሚወራውን ግፍ የሚያትም ጋዜጣ አይገኝም ነበር። በ1964 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሻረው፤ ባለሥልጣን ስለ ሥራው የተጻፈበትን ለመክሰስ ጸሐፊው ሐሰት መሆኑን እያወቀ ወይም እውነት ይሁን ሐሰት ግድ ሳይሰጠው መጻፉን ማስረዳት አለበት አለ። ባለሥልጣን ጋዜጠኛን በአንዲት ስሕተት ሲያሳስር አይተን ለመጣን ሰዎች ይህ ፍርድ ምን ያህል እንደሆነ ለማስረዳት ቃል ያጥረኛል።

ሁለተኛው የስም ዝርዝር ነገር ነው። አላባማ የጥቁሮች መብት ተሟጋቹን ማኅበር የአባላትህን ስም አምጣ አለችው። እምቢ ሲል መቶ ሺህ ዶላር ተቀጣ። በ1958 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ስሙ ሲታወቅ ከሥራ የሚባረርና የሚደበደብ ሰው ሳይፈራ መደራጀት አይችልምና ዝርዝሩን አትጠይቂ አለ። የስም ዝርዝር! ቀበሌ ላይ ስሙ ተነቦ ያልተመለሰ ጎረቤት ያለው ሰው ይህን ያለ ጠበቃ ይረዳዋል።

ከሰዓት በኋላ በዘር ጥላቻ በመንጋ ለተገደሉት የቆመውን መታሰቢያ አየን። ከ800 በላይ የብረት ዓምዶች፣ ለእያንዳንዱ ወረዳ አንድ፤ ከ4,400 በላይ ሰዎች። መግቢያው ላይ ዓምዶቹ ከፊታችሁ ናቸው፤ ወለሉ እየወረደ ሲሄድ በላያችሁ ተሰቅለው ታገኟቸዋላችሁ። በዚህ ላይ ሌላ አልጽፍም።

ዓርብ፣ ሰልማ

ከሞንትጎመሪ ሰልማ የሚወስደው መንገድ 80 ቁጥር ነው፤ 54 ማይል። በ1965 ሰልፈኞቹ የመጡበትን በተቃራኒው ሄድንበት። መሃሉ ላውንደስ ወረዳ ነው። በ1965 መጀመሪያ ከነዋሪው ከመቶ ሰማንያ ያህሉ ጥቁር ሲሆን ለምርጫ የተመዘገበ ጥቁር አንድም አልነበረም። አንድም! ከዚያ መመዝገብ ሲጀምሩ ባለ መሬቶቹ ጢሰኞቻቸውን አባረሩ፤ የተባረሩት መንገድ ዳር ድንኳን ተክለው ኖሩ። «ጢሰኛ» የሚለውን ቃል ለልጄ ማስረዳት ነበረብኝ፤ የአያቴን ዘመን እያነሳሁ አስረዳኋት። ድንኳኖቹ ከነበሩበት ቦታ ዛሬ የፓርክ ማዕከል አለ፤ ከእኛ ሌላ ጎብኚ አልነበረም።

ሰልማ ደክማለች። መሃል ከተማው ላይ ብዙ ሱቅ ተዘግቷል፤ መስኮቶቹ በጣውላ ተመተዋል። ብራውን ቻፕል የተባለው ቤተ ክርስቲያን ደርሰን ከዚያ ወደ ድልድዩ በእግር ሄድን። ስሙ ኤድመንድ ፔተስ ነው፤ የተገንጣዮቹ ጄኔራል የነበረ ሰው ስም ዛሬም ከላዩ ላይ በትልቁ ተጽፏል።

መጋቢት 7 ቀን 1965፣ እሑድ፣ 600 ያህል ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው በዚህ ወጡ። ከሳምንታት በፊት በአቅራቢያዋ በማሪየን ጂሚ ሊ ጃክሰን የተባለ ወጣት በክፍለ ሀገሩ ፖሊስ ተተኩሶበት ሞቷል። የሚጠይቁት የመምረጥ መብትን ነው፤ በ1870 የተጻፈውን። ድልድዩ መሃሉ ላይ ጎበጥ ያለ ስለሆነ ማዶው የሚታየው አናቱ ላይ ሲደርሱ ብቻ ነው። ፖሊሶቹንና ፈረሰኞቹን ያዩት እዚያ ደርሰው ነው። ከሰልፉ መሪዎች አንዱ የነበረው ጆን ሉዊስ በኋላ እንደተረከው፣ አብሮት ከፊት የነበረው ሆዜያ ዊልያምስ ውሃውን ቁልቁል አይቶ መዋኘት ትችላለህ ወይ አለው። አልችልም አለ ሉዊስ። እኔም አልችልም አለው። ሄዱ። ዱላና አስለቃሽ ጭስ ጠበቃቸው፤ የሉዊስ ራስ ቅል ተሰነጠቀ።

ከዚያ ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ። ትናንት ስሙን የያዝኩት ዳኛ ፍራንክ ጆንሰን፣ በሰላም የመሰልፍ መብት ስፋቱ በሚቃወሙት በደል ግዝፈት ልክ መሆን አለበት ብሎ መንገዱን ከፈተላቸው። መጋቢት 21 ቀን ተነስተው መጋቢት 25 ቀን ሞንትጎመሪ ሲደርሱ 25,000 ያህል ሆነው ከዚያ የነሐስ ኮከብ ፊት ቆሙ። በነሐሴ 6 የምርጫ መብት ሕጉ ተፈረመ። ሁለት ወር ሳይሞላ የኢሚግሬሽን ሕጉ ተከተለ። ከዚያ በፊት ለኢትዮጵያ የተመደበው ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር። የእኔ ወረፋ የተከፈተው በዚህ ድልድይ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። በ2013 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የዚያን የምርጫ ሕግ አከርካሪ፣ መድልዎ የነበረባቸው ቦታዎች የምርጫ ደንባቸውን ከመለወጣቸው በፊት እንዲያስፈቅዱ የሚያደርገውን ቀመር፣ አምስት ለአራት ሻረው። ክሱን ያመጣው የአላባማ ወረዳ ነው። ይህን በጻፍኩ ቁጥር እናደዳለሁ።

አናቱ ላይ ደርሰን ቆምን። ከሥር የአላባማ ወንዝ ቡናማ ሆኖ በዝግታ ይሄዳል። ለልጄ በአገራችን በጥንት ጊዜ የተበደለ ሰው «በሕግ አምላክ!» ካለ ባለጋራው ባለበት እንደሚቆም፣ ኩታቸውን ቋጥረው ያለ ፖሊስ ወደ ዳኛ አብረው እንደሚሄዱ ነገርኳት። እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ይባል ነበር አልኳት።

ወንዙን ተደግፋ አየችው።

«ፖሊሶቹ ግን ሲባሉ አልቆሙም» አለች።

«አልቆሙም።»

«እና ሰልፈኞቹ በማግሥቱ እንደገና መጡ?»

«ከሁለት ቀን በኋላ። ከዚያም እንደገና።»

ጥቂት ቆየችና ቦርሳዋን አስተካክላ ወደ ማዶ መውረድ ጀመረች። የእሷ እርምጃ ከእኔ ይፈጥናል፤ መኪናውን ያቆምነው በሰልማ በኩል ቢሆንም አልጠራኋትም፤ ተከተልኳት።